እሳተ ገሞራና የባሕር ማዕበል

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ፤ ቀይ ባሕርንም ተሻግሮ በየመንና በዑማን በኩል እስከ ህንድ አገር ደረሰ። ያን ሰሞን በክፍላችን አንድ ጥያቄ ተነሣ። አመዱ ባሕር ከተሻገረ፣ ፍንዳታው ሱናሚ የሚባለውን ታላቅ ማዕበል ቀስቅሶ የጅቡቲን ጠረፍ ሊመታ አይችልምን? ለመርካቶ ልጅ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም፤ በሱቆቻችን ያለው የውጭ አገር ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነውና።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ሳፋ ውኃ ይበቃል። ጢስ ቢያልፍበት ውኃው ምንም አይሆንም፤ ትልቅ ድንጋይ ቢወድቅበት ግን ተገፍቶ ከጠርዙ ይፈሳል። ማዕበልን የሚያስነሣው በአብዛኛው የጢሱ ብዛት ሳይሆን ውኃውን ከቦታው የሚገፋው ነገር ነው። ሃይሊ ጉቢ ከባሕር ርቆ በየብስ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ከርሱ የሚናድ ድንጋይ ባሕር አይገባም።

ሊፈራ የሚገባው በባሕር ውስጥ ወይም በባሕር ዳር የቆመው ተራራ ነው። በኢንዶኔዢያ የክራካታው ደሴት በነሐሴ 1875 ዓ.ም. ሲፈነዳ ከ36,000 የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ፤ አብዛኛውን የጨረሰው እሳቱ ሳይሆን ማዕበሉ ነበር። በዚያው ሥፍራ ከባሕር የበቀለው አናክ ክራካታው (የክራካታው ልጅ ማለት ነው) ታኅሣሥ 13 ቀን 2011 ዓ.ም. አንድ ጎኑ ተንዶ ባሕር ገባና ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአገሩ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ የመሬት መንቀጥቀጥን ለመጠበቅ የተሠራ ስለነበረ፣ ይህን ማዕበል ሳይናገር ቀረ። በባሕር ዳር ሙዚቃ ያዳምጡ የነበሩትን ሰዎች ውኃው ድንገት ደረሰባቸው።

ስለዚህ አዋቂዎች አደጋውን ሲመዝኑ የተራራውን ጎን ቀጥ ማለትና መንሸራተት፣ ከሥሩ ያለውን የውኃ ጥልቀት፣ እስከ ጠረፉም ያለውን ርቀት ይመረምራሉ። ጥልቀቱ 1,000 ሜትር በሆነ ባሕር ማዕበሉ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 50 ሜትር ጥልቀት ካለው ዘንድ ሲደርስ ወደ 80 ይወርዳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ቁመቱ ይጨምራል፤ ተንኮሉም በዚህ ላይ ነው።

በቀይ ባሕር ውስጥ እንዲህ ያለ ተራራ አለ። ጀበል አል ጠይር የተባለው የየመን ደሴት መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. ፈንድቶ በላዩ ከነበሩት ወታደሮች የሞቱ ነበሩ። ከጅቡቲ ግን በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር የተለየ ስለሆነ፣ ስጋቱ ይልቁን በአካባቢው ላሉ ዓሣ አጥማጆች ይመስለኛል።

የሃይሊ ጉቢ ጉዳትስ? እርሱ በባሕር ሳይሆን በአፍዴራ ወደቀ፤ የአርብቶ አደሩ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ፣ ከብቱም የሚበላው አጣ።