ማማው የሌለበት ግንብ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 1873 የሜጂ መንግሥት የሚባለው አዲሱ የጃፓን መንግሥት ከመሳፍንቱ ግንቦች የትኞቹ ለጦር ሠራዊቱ እንደሚቆዩ፣ የትኞቹ እንደሚወገዱ የሚለይ ትእዛዝ አወጣ። በማግስቱ ሌላ ትእዛዝ ተከተለ፤ ሕዝብ ከድሮ ጀምሮ ለሽርሽር የሚሄድባቸው ያማሩ ቦታዎች ለማንም ክፍት የሆኑ መናፈሻዎች እንዲሆኑ የሚፈቅድ። ሁለቱ ትእዛዞች የወጡት ለተለያየ ጉዳይ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን በብዙ ከተሞች አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ፤ የፈረሰው ግንብ መናፈሻ ሆነ። ዛሬ ወደ ጃፓን የሚሄድ ጎብኚ በፖስታ ካርድ ላይ ያየውን ነጭ ማማ ፈልጎ ከነዚህ መናፈሻዎች አንዱ ሲደርስ የሚጠብቀው ካብ፣ ደረጃና ዛፍ ብቻ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ ከተማው ገንዘብ ቢያገኝ ማማውን መልሶ ይሠራው ነበር ይላሉ። እኔ ግን ባዶው ካብ ከተሠራው አምሳያ የበለጠ ይናገራል፤ ባዶ መተውም የድህነት ምልክት ሳይሆን ሊከበር የሚገባው ምርጫ ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የምትሆነው በምዕራብ ጃፓን፣ በኦካያማ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የትሱያማ ከተማ ናት። ሞሪ ታዳማሳ የተባለው መስፍን አካባቢውን እንዲገዛ ከተሾመ በኋላ በ1604 በከተማዋ መካከል ባለው ኮረብታ ላይ ግንብ ማሠራት ጀመረ፤ ሥራው ያለቀው በ1616 ነው። ኮረብታው ከሥር እስከ ጫፍ በካብ ተደራርቦ ሦስት እርከን ወጣለት፤ በላዩም ከ70 የሚበልጡ ሕንፃዎች ቆሙ። እዚህ ላይ የጎንደርን ግንብ በዓይነ ሕሊናው የሚያይ አንባቢ አንድ ልዩነት ልብ ይበል። በጎንደር ድንጋዩ ራሱ ሕንፃው ነው። በጃፓን ግን ድንጋዩ መሠረቱ ብቻ ሲሆን ማማው፣ የዘብ ቤቱና የመስፍኑ መኖሪያ በእንጨት ማገር፣ በጭቃና በኖራ ልስን የሚሠሩ ነበሩ። ስለዚህ የሜጂ መንግሥት ግንቡ ይወገድ ሲል እንጨቱ ተነቅሎ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። በትሱያማም የሆነው ይኸው ነው። በ1874 እና በ1875 ሕንፃዎቹ ፈርሰው አለቁ፤ በ1900 ኮረብታው ካኩዛን የሚባል የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። የሜጂን ዘመን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው ከጻፉት «ማኅደረ ብርሃን» እና ከዘመኑ ምሁራን ክርክር በሥልጣኔ ግስጋሴነቱ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ያው ዘመን የገዛ አገሩን ቅርስ በዚህ ፍጥነት ማፍረሱ ሊያስገርመው ይችላል። ለአዲሱ መንግሥት ግን ግንቦቹ ቅርስ አልነበሩም። ትናንት የወደቀው ሥርዓት የጦር ዕቃዎች፣ ለጥገናም ገንዘብ የሚበሉ ነበሩ።

አሁን ወደ ድንጋዩ ቀረብ ብለን እንየው፤ ማማ ቢኖር ኖሮ ሁሉም አንጋጦ እርሱን ያይ ነበርና። ካቡ የተሠራው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ነው። ፊት ለፊት የሚታዩት ትልልቅ ድንጋዮች ከኋላቸው ወፍራም የጠጠር ሽፋን አላቸው፤ ከኮረብታው አፈር የሚወርደው የዝናብ ውኃ በጠጠሩ መካከል ሾልኮ ስለሚወጣ ካቡን ገፍቶ አይጥለውም። ማዕዘኑ ላይ ረጃጅም ጥርብ ድንጋዮች ተመርጠው አንዱ ርዝመቱን ወደ ግራ፣ በላዩ ያለው ደግሞ ወደ ቀኝ እየሆነ እንደ ጣት ይቆላለፋሉ። ካቡ ከሥር ገባ ገባ እያለ ይነሣና ወደ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ድንጋይ ለመፈንከት ጠራቢዎቹ በመስመር የቆፈሯቸው የሽብልቅ ጉድጓዶች በብዙ የጃፓን ካቦች ላይ ዛሬም በግልጽ ይታያሉ፤ በሰፊ መርፌ የተሰፋ ይመስላል። መስፍኑ ስሙን በታሪክ መጽሐፍ አስጽፏል፤ የጠራቢው እጅ ግን የሚነበበው እዚህ ብቻ ነው። የሥራው ጥንካሬ ምን ያህል እንደሆነ በኩማሞቶ ከተማ ግንብ ላይ ታይቷል። በኤፕሪል 2016 ከተማዋን ባናወጣት የመሬት መንቀጥቀጥ ከአንዱ የግንቡ ሰገነት ሥር ያለው ካብ በሰፊው ተንዶ፣ ሰገነቱን ጥግ ላይ ደግፎ ያቆየው ከላይ እስከ ታች የተደረደረ አንድ ረድፍ የማዕዘን ድንጋይ ነበር።

አምሳያ ማማ ሲሠራስ? ጃፓን ይህን ደጋግማ ሞክራዋለች። የኦሳካ ማማ በ1931 በኮንክሪት ተሠራ፤ የናጎያ ማማ በ1945 የአየር ድብደባ ከተቃጠለ በኋላ በ1959 እንዲሁ በኮንክሪት ተተካ። ከውጭ ሲታዩ ያምራሉ፤ ከውስጥ ሊፍትና የኤግዚቢሽን አዳራሽ ያላቸው ዘመናዊ ሕንፃዎች ናቸው። የናጎያው የመሬት መንቀጥቀጥን የመቋቋም አቅሙ ስላሠጋ ከ2018 ጀምሮ ለጎብኚ ተዘግቷል፤ ከተማው በእንጨት እንደገና ለመሥራት ያወጣው ዕቅድም ወጪው ወደ 50 ቢሊዮን የን ስለሚደርስና ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች በምን ይወጣሉ የሚለው ጥያቄ ስላልተፈታ ዓመታት የፈጀ ክርክር ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ስድሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው የተዘጋው ኮንክሪት የቆመው አራት መቶ ዓመት በዘለቀ ካብ መካከል ነው። ትሱያማም ራሷ ፈተናውን ቀምሳዋለች። በ1936 ለተዘጋጀ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን በግንቡ ቦታ የማስመሰያ ማማ ቆሞ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1945፣ የጠላት አውሮፕላን ዒላማ ይሆናል ተብሎ ፈረሰ። ዕድሜው አሥር ዓመት አልሞላም። የማማው መሠረት ዛሬም ባዶውን ነው፤ የሚወጣበት ሰው ከተማውን ቁልቁል፣ ተራሮቹን ዙሪያውን ያያል።

መሠረቱን ባዶ በመተው ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የሊቃውንት ሳይሆን የወላጆች ነው። ድንጋይ ለሚያውቅ ሰው ድንጋይ ይናገር ይሆናል፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ክምር ነው፣ ሕንፃውን ካላየ ምንም አይገባውም ይላሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን ለዚህ መልሱ ማማውን በግምት መሥራት አይደለም። ትሱያማ በ2005 ያጠናቀቀችው መልሶ ግንባታ የተሻለውን መንገድ ያሳያል። የተመረጠው ግርማ ያለው ማማ ሳይሆን ቢቹ ያጉራ የሚባለው አንድ የጥግ ሰገነት ነው፤ አሮጌ ፎቶግራፎችና የቁፋሮ ጥናት ተመሳክረው፣ በእንጨት፣ በድሮው የአናጢ ጥበብ ተሠራ። ውስጡ ሲገባ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል፤ ለጦር መሣሪያ ማከማቻ ከተሠሩት ሰገነቶች በተለየ ወለሉ የታታሚ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ እንደ እልፍኝ ያለ ቤት ነው። ልጁ የእንጨቱን ሽታ አሽትቶ፣ ወለሉን ረግጦ ይወጣል፤ ከዚያ የቀረውን ከ70 በላይ ሕንፃ በአእምሮው ራሱ ያቆማል። አንድ በማስረጃ የተሠራ ሕንፃና ብዙ ባዶ መሠረት፣ የታወቀውንና የጠፋውን ሳያደባልቁ ጎን ለጎን ያስቀምጡለታል።

ሌላው ተቃውሞ፣ ገንዘብ ነው፤ ማማ ቱሪስት ይስባል። ለዚህ የትሱያማ ጸደይ ራሱ መልስ ይሰጣል። በመናፈሻው 1,000 ያህል የሳኩራ (የቼሪ) ዛፎች አሉ፤ በኤፕሪል ሲያብቡ ከካቡ እርከን ላይ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ነጭ ደመና ከእግሩ ሥር የተነጠፈ ይመስላል፤ ሕዝቡም ለዚህ ሲል ከሩቅ ይመጣል። ከገንዘቡ በላይ የሚከብደኝ ግን በጃፓን መሳፍንት ዘመን ተራ ሰው በዚህ በር ገብቶ እንደ ልቡ መንሸራሸር የማይታሰብ መሆኑ ነው። ዛሬ በሩ ላይ ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሰው ከመስፍኑ ማማ ባዶ መሠረት ሥር ምሳውን ዘርግቶ ይበላል። መናፈሻ የጦርነትን ቦታ አስውቦ ታሪኩን ያስረሳል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ጠመዝማዛው መግቢያ፣ ተኩስ እንዲወርድበት ሆን ተብሎ የተጣመመው ደረጃ፣ ከሁለት ወገን የሚጫነው ካብ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። የሚወጣው ሰው ሳይነገረው በእግሩ ይረዳዋል።

በእርግጥ አንድ ነገር ላይ ተቃዋሚዎቹ ሳይሆኑ ድንጋዩ ራሱ ይሞግተኛል። ሳኩራው ካቡን ይጎዳዋል። ዛፎቹ የተተከሉት ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ የካቡን ጫፍ ተጠግተው ያደጉት ሥሮቻቸውን ወደ ጠጠሩ ሰድደው ውኃ መውጫውን ይዘጋሉ፣ የፊቱን ድንጋይ ይገፋሉ። ካቡም ይቆዘራል። ጃፓናውያን ይህን «ሃራሚ» ይሉታል፤ አረገዘ እንደ ማለት ነው፤ ያረገዘ ካብ በከባድ ዝናብ ወይም በመንቀጥቀጥ ይናዳል። በሰሜን የሂሮሳኪ ከተማ ካቡ ተቆዝሮ በተገኘ ጊዜ በ2015 ወደ 400 ቶን የሚመዝነውን ባለ ሦስት ፎቅ ማማ ሳይፈታ ከመሠረቱ አንሥተው 70 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ወሰዱት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ድንጋይ ቁጥር ጽፈውበት አወረዱና መልሰው በየቦታው ካቡት። በኩማሞቶ ደግሞ የኮንክሪቱ ማማ በ2021 ተጠግኖ ሲከፈት፣ የካቡና የቀሩት ሕንፃዎች ጥገና እስከ 2052 እንዲዘልቅ ታቅዷል። ለድንጋዩ የሚከፈለው ትዕግሥት ይህን ያህል ነው። ለማማ የሚመደበው ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ ያለበትም ወደዚህ ነው። ከካቡ ጫፍ ላይ ያረጀ ሳኩራ ሲደርቅ ሥሩ በዘዴ ወጥቶ፣ ምትኩ ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ፣ ሥሩ ጠጠሩን ከማይደርስበት አፈር ላይ ይተከል።