ሲሚንቶ የለበሰ የጭቃ ቤት ለምን ይሻግታል?

በደጋው አገራችን ብዙው ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የሚሠራ ነው። ባለቤቱ ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያስበው ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ ማልበስ፣ ቀጥሎም ግድግዳውን በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። ቤቱ በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ሁለት ክረምት ሳያልፍ ግድግዳው ከሥሩ ይጠቁራል፤ ልስኑ ያብጣል፤ ቤቱም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ሰው ሲጠየቅ «ሲሚንቶው አንሶ ነው» ይላል። ጨምሮም ያስለስነዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ይብሳል።

ይህ ለምን ሆነ? የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ለፀሐይና ለነፋስ መልሶ ይሰጣል። ክረምት ቢርስ በጋ ይደርቃል። ደግሞም ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነውና አብሮት አይሄድም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፤ መውጫ ግን አያገኝም። እርጥብ ልብስ አጣጥፈን ሳጥን ውስጥ ብንቆልፍበት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳውም እንደዚሁ ነው። ሲሚንቶ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለድንጋይና ለብሎኬት ቤት ደኅና ነው።

እኛ ማታ ማታ ፊደል በምናስቆጥርበት መንደር አንዲት እናት ቤታቸውን አሳድሰው ነበር። ሠሪው ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲል ክፈፉን አሳጠረው። የሣሩ ክዳን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይወጣ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ከስንዝር አይበልጥም። ምስማሩንም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መምታት ሲገባው ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ መታው። የደጁ አፈር ደግሞ ተደልድሎ ከወለሉ በላይ ሆነ። «ልጆቼ፣ ዘንድሮስ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይዘንባል» አሉን። ልስኑን በድንጋይ ስናንኳኳው እንደ ቅል ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሲነሣ፣ ጣሪያውን የተሸከመው ቋሚ ከሥሩ በጣት ይፈረፈራል! ቤቱ ልጆች በተኙበት ሊወድቅ ይችል ነበር።

ከዚያ ግድግዳ ጋር የተጠጋው የበቆሎ ጆንያም ከታች አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። እናቲቱ እህል መጣል ከበዳቸው፤ ማንንም ይከብዳል። ሆኖም በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው። ጉበት ይጎዳል። ብንቆላውም ብንቀቅለውም አይጠፋም። ለዶሮና ለላም መስጠትም አይገባም፤ መርዙ በወተት በኩል ይመለሳልና።

ሻጋታ ዘሩ በዓይን አይታይም፤ በአየር ይንሳፈፋል። እርጥበት ካገኘ በእንጨትም በጭድም በወረቀትም ላይ በአንድ ሁለት ቀን ይበቅላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሳልና አስም እንደሚበዛባቸው ገልጿል። በላዩ ቀለም መቀባት ዋጋ የለውም፤ ጥቂት ቆይቶ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውሃውን ማስቆም ነው። ክፈፉን ማስረዘም ባይቻል እንኳ ጠብታው ከሚያርፍበት በታች ቦይ ይቆፈር። የደጁ አፈር ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል። ከዚያ የተነፋው ሲሚንቶ ከሥሩ ይነሣ። የበሰበሰው ቋሚ የሚለወጠው ጣሪያው በድጋፍ ከተያዘ በኋላ፣ አንድ በአንድ ነው፤ ሁሉንም ባንድ ቀን መንቀል አደጋ አለው። ሻጋታውን በሳሙናና በውሃ የሚያጥበው ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ ልጆችም ከቤት ይውጡ። በረኪና የሚጠቀም ከሌላ መድኃኒት ጋር አይደባልቀው፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

እንደገና መምረግ ያለበት ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ ነው። እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል። የእናቲቱ ቤት ጎረቤት እየሳቀበት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሳይመረግ ቆየ። የቀረውም እህል አሁን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ተቀምጧል።