ለበረት ጠባቂ ቡችላ ዱላ ያስፈልገዋል?
ናጋድ ላይ በሌሊት ከብት የሚያራግፍ ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ

ከደወሌ ወይም ከጋላፊ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ አይሱዙ ናጋድ ደርሶ በጎቹን አራግፏል እንበል። ሾፌሩ መኪናው ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ተኝቷል፤ ዘበኛው ውሃ እየቀዳ ነው። ነጋዴው ከሁለት ሳምንት በፊት ለበረቱ ጥበቃ ብሎ ያመጣት ቡችላ ድርቆሹ ክምር ላይ ሸንታለች፣ ሰዎች ሰላት ከሚሰግዱበት ጥግም ዓይነ ምድር ጥላለች። ዘበኛው ይህን ሲያይ ቡችላዋን ከማጅራቷ ይዞ አፍንጫዋን እዳሪው ላይ ያሽና በዘነጉ ሁለቴ ያቀምሳታል። ቡችላዋ እየጮኸች ከጎማ ሥር ትገባለች። በማግስቱ ያው ነገር ይደገማል፤ ልዩነቱ በዚህኛው ቀን እዳሪው ከድርቆሹ ጀርባ ተደብቆ መገኘቱ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በረት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎች እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። በቁም እንስሳት ንግድ ውስጥ ላለ ሰው ግን ውሻው የት ይጸዳዳል፣ የሰው እጅስ ያምናል ወይ የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ከበጎቹ ጤናና ከነጋዴው ኪስ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ቦታውና ገበያው

ናጋድ ከጂቡቲ ከተማ መሀል በስተደቡብ ያለ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ–ጂቡቲ አዲሱ የባቡር መስመር በጂቡቲ በኩል በይፋ የተመረቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2017 በዚሁ በናጋድ ጣቢያ ነበር። ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሎያዳ አቅጣጫ ሲኬድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው የዳመርጆግ የእንስሳት ኳራንቲን ይገኛል። ኳራንቲኑ ለምን እንዳስፈለገ የድሮ ነጋዴዎች አይረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲከሰት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ የቁም እንስሳትን አገደች፤ በዚያ ሳቢያ ስንቱ በግና ፍየል ገበያ አጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ገዢው ከዋጋው እኩል የሚጠይቀው ጤናን ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ ውሻ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ጅብን፣ ቀበሮንና ሌባን የሚያባርር ጠባቂ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በንጽህና ካልተያዘ በሽታ ወደ በረት የሚያስገባ ነው። ከዚህም በላይ የአካባቢው ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው። በቀጠናው በሰፊው በሚከተለው በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ ለከብት ጥበቃና ለአደን የሚያዝ ውሻ ግን ተፈቅዷል። ስለዚህ ቡችላዋ ከስግደት ቦታ፣ ከመጠጥ ዕቃና ከሰው መኝታ ርቃ የራሷ ስፍራ እንዲኖራት ማድረግ የጎረቤትንና የደንበኛን ክብር መጠበቅም ነው።

እዳሪው ለምን ያሳስባል?

በደጋው የሀገራችን ክፍል በግ አንገቱን አጣሞ በአንድ ቦታ ሲሽከረከር «አዙሪት ያዘው» ይባላል። የአዙሪት መነሻ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ትል ዓይነት ነው። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ በግ ከሣር ወይም ከድርቆሽ ጋር ይውጠዋል፤ ከዚያ በበጉ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። ውሻው የበጉን ጭንቅላት ሲበላ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ትንሽ ትል ደግሞ በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ቄራ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል፤ መርማሪው ጉበቱን ወይም ሳንባውን ቆርጦ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህኛው ትል ሰውንም ይይዛል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በቱርካና፣ በደቡብ ኦሞም በኛንጋቶምና በዳሰነች አርብቶ አደሮች ዘንድ በጣም ተስፋፍቶ መገኘቱ በጥናት የተመዘገበ ነው። ሰው ከውሻ ጋር በቅርብ በሚኖርበትና የታረደ እንስሳ ሆድ ዕቃ ለውሻ በሚጣልበት ስፍራ በሽታው አይጠፋም።

የናጋድ ፀሐይና ድርቀት የትሉን እንቁላል ቶሎ ይገድላል። ከድርቆሽ ክምር ሥር፣ ከውሃ ገንዳ አጠገብና በጥላ ባለ እርጥብ መሬት ላይ ግን ዕድሜ ያገኛል። ተደብድባ የምትጸዳዳበትን ቦታ የምትደብቅ ቡችላ ደግሞ የምትመርጠው እንዲህ ያለውን ስፍራ ነው።

ዱላ ምን ያስተምራል?

ዱላ ምንም አያስተምርም ማለት አይቻልም። ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን ባለቤቱ ያሰበውን አይደለም። ውሻ ምስጋናንም ሆነ ቅጣትን የሚያገናኘው በዚያችው ቅጽበት ሲያደርግ ከነበረው ነገር ጋር ነው። ከሰዓት በፊት የጣለችውን እዳሪ አሳይቶ ቡችላን መምታት ለእሷ ትርጉሙ «ሰውዬው ሲመጣ ይመታል» የሚል ነው። እየሸናች ሳለ ብትመታም «ሰው እያየ መሽናት አደጋ አለው» ብላ ትማራለች። ከዚያ በኋላ ባለቤቷ ወደ ውጭ ሲያወጣት አትሸናም፤ ዞር ሲል ግን ከድርቆሹ ጀርባ ሄዳ ትጨርሳለች።

«ጥፋቷንማ ታውቃለች፤ ስገባ ጆሮዋን ጥላ ዓይኗን ትሰብራለች» የሚል አለ። ይህን ጥያቄ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ14 ውሾች ላይ ሞክራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትማለች። ያ «የጥፋተኛ ፊት» ይበልጥ የታየው ባለቤቱ በሚቆጣበት ጊዜ እንጂ ውሻው በእርግጥ ባጠፋበት ጊዜ አልነበረም። ያላጠፋ ውሻም ሲቆጡት ያንኑ ፊት ያሳያል። በአጭሩ ፊቱ የሚናገረው ፍርሃትን ነው።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ የታተመ የእንስሳት ሐኪሞች ጥናት ደግሞ የባሕርይ ችግር አለባቸው ተብለው ወደ ክሊኒክ የመጡ ውሾችን ባለቤቶች ጠይቋል። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሚያውቁት መካከል 43 በመቶ የሚሆኑት ውሻው በምላሹ እንደተቆጣባቸው ወይም ሊነክሳቸው እንደሞከረ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በፖርቱጋል በ92 ውሾች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም በቅጣት የሚሠለጥኑ ውሾች በሽልማት ከሚሠለጥኑት ይልቅ የጭንቀት ምልክት ማሳየታቸውን፣ በምራቃቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞንም ከፍ ማለቱን አግኝቷል።

ለበረት ባለቤት ትልቁ ኪሳራ ከዚህ ይመጣል። እጅ የሚፈራ ውሻ አይያዝም። የማይያዝ ውሻ አይከተብም፣ የትል መድኃኒትም አይውጥም። ጥግ ሲይዙት ይነክሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ያልተከተበ ውሻ ዘበኛውን ወይም የገዢውን ወኪል ቢነክስ፣ ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ግድ ነው። ያን ቀን ስለ ዋጋ የሚያወራ ሰው አይኖርም።

«ዱላ ያላየ ውሻ ፈሪ ይሆናል»

ይህ ክርክር በእረኞች ዘንድ የተለመደ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ጠባቂ ውሻ ድፍረቱን የሚያገኘው ከዘሩና ከአስተዳደጉ ነው። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቱርክ የእረኛ ውሻ ዝርያ ቡችላዎችን ለገበሬዎች ሲሰጥ ቆይቷል። አሠራሩ ቡችላውን ገና በጨቅላነቱ ከፍየልና ከበግ ጋር ማሳደግ ነው። አብሮ ያደገው መንጋ ቤተሰቡ ይሆናል፤ አቦሸማኔ ወይም ቀበሮ ሲመጣ የሚጮኸውና የሚጋፈጠው ለቤተሰቡ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአባቶች አባባልም የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ውሻን የሚያስጮኸው የበላበት ቤት ነው።

ቡችላዋ ግልገል ብታሳድድስ? ያኔ ቆፍጠን ባለ ድምፅ ማስቆም፣ ከመንጋው መለየት፣ በገመድ ማሰርና ስትረጋጋ መመለስ ነው። ቆራጥነትና ድብደባ ለየቅል ናቸው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ አንድ ቦታ ይመረጥ። ከድርቆሽ፣ ከፉርሽካ፣ ከውሃ ገንዳና ከስግደት ቦታ የራቀ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ አሸዋማ ጥግ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታ መውሰድ ነው።

ጊዜው የታወቀ ነው፦ ከእንቅልፍ እንደነቃች፣ ከበላች በኋላ በ5 እና በ30 ደቂቃ መካከል፣ ከተጫወተች በኋላ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ መውጣት አለባት፤ ሌሊትም ቢያንስ አንድ ጊዜ። ሌሊት መኪና የሚጠብቅ ዘበኛ ላለው በረት ይህ አዲስ ሥራ አይደለም።

ቦታው ላይ እንደሸናች ወዲያው፣ ገና ሳትንቀሳቀስ፣ ማመስገንና ቁራሽ ነገር መስጠት ያስፈልጋል። ትንሽ ዳቦ ወይም የበሰለ ሥጋ ይበቃል። ሽልማቱ ከዘገየ ትርጉሙ ይጠፋል። በተሳሳተ ቦታ ስትጀምር ከተያዘች አጨብጭቦ ማቋረጥና አንስቶ ወደ ቦታዋ መውሰድ በቂ ነው። አድርጋ ከቆየች በኋላ ከተገኘ ግን ዝም ብሎ ማጽዳት ነው፤ ያመለጠው ጊዜ የጠባቂው ነው።

ሲጸዳም ሽታው ጭምር መጥፋት አለበት፤ ሽታው ካለ ቡችላዋ ተመልሳ ትመጣለች። በሳሙናና በውሃ አጥቦ አቼቶ በውሃ አቅጥኖ መድፋት ይረዳል። ሽንት ላይ በረኪና መድፋትም ሆነ በረኪናና አቼቶ ማደባለቅ ግን የሚያፍን ጋዝ ስለሚፈጥር መቅረት አለበት።

ማንም ሊጠብቃት በማይችልበት ሰዓት ደግሞ ጥላ ባለው ትንሽ አጥር ውስጥ ትቆይ። ቡችላ በተኛችበት መጸዳዳት አትወድም፤ ይህ ተፈጥሮዋ ለአሠልጣኙ ያግዛል። ሽንት ይቀንስ ብሎ ውሃ መከልከል ግን በጂቡቲ ሙቀት አይሞከርም። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ውሃ ያጣ ቡችላ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በቀትር የጋለ መሬትም መዳፍ ስለሚያቃጥል የምትጸዳዳበት ስፍራ ጥቂት ጥላ በአቅራቢያው ቢኖረው ጥሩ ነው።

በዚህ አያያዝ አብዛኞቹ ቡችላዎች ከአራት እስከ ስድስት ወር ሲሞላቸው ቦታቸውን ይለምዳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ቦታው ከተለመደ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ተለቅሞ በጥልቅ ይቀበር። የታረደ እንስሳ ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ። የኮሶ ትል መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ምክር ይሰጥ፤ የጉበቱ ትል በውሻ አንጀት አድጎ እንቁላል ለመጣል ስድስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ በሽታው ባለበት አካባቢ በየስድስት ሳምንቱ መስጠት ይመከራል። የእብድ ውሻ ክትባትም በሦስት ወሯ ይጀመር።

ዘነጉ ራሱ

የቡችላዋ ጉዳይ መጨረሻው ወደ በጎቹ ይመልሳል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በየብስ መጓጓዣ ደንቡ እንስሳትን መግረፍን፣ ጅራት መጠምዘዝን፣ ዓይንና ጆሮ መጫንን አይፈቅድም። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የተደበደበ በሬ ሥጋው ይበልዛል፤ የበለዘው ተቆርጦ ይጣላል። ከመታረዱ በፊት የተጨነቀ እንስሳ የጉልበት ክምችቱን ስለሚጨርስ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ነጋዴው ዱላውን የሚከፍለው በኪሎ ነው።

ቡችላዋን በትዕግሥት ያለመደ ዘበኛ ነገ በጎቹን ከአይሱዙ ሲያወርድ ያው ትዕግሥት አብሮት ይወርዳል። ከጎማ ሥር የተደበቀችውን ቡችላ በዘነግ የሚፈልግ እጅም በጉን የሚይዘው በዚያው ልማድ ነው። ነጋዴው ቡችላ ሲገዛ ማን እንደሚያሳድጋት አብሮ መወሰን ያለበትም ለዚህ ነው።