መዝገብ የጠፋበት ቤተ ሰብ አያቶቹን በምን ያገኛል?

ብዙ ሰው የአያቱ አባት ማን ይባሉ እንደ ነበረ ሲጠየቅ «መዝገቡ ጠፋ» ብሎ ይመልሳል። መጥፋቱስ እውነት ነው። ጐንደር በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ተዘርፋ ተቃጠለች፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አቃጠሏት። በመካከሉም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ሰብስበዋቸው ከነበሩት መጻሕፍት 350 ያህሉን እንግሊዞች ወደ ሎንዶን ወሰዱ። ከመጻሕፍቱም ጋራ የብዙ ቤተ ሰብ ስም አብሮ ሄደ፤ የቀድሞ ሰዎች የጉልቱን ስጦታና የርስቱን ሽያጭ ከነዋሱና ከነምስክሩ በወንጌል ኅዳግ ያጽፉ ነበርና። ቅዱስ መጽሐፍን የሚፍቅ አይገኝም ብለው ነው፤ በመጨረሻውም ግዝት ይጨምሩበታል። ግዝቱ ግን እሳትን አልከለከለም።

ይሁን እንጂ ወንጌሉ የተረፈለት ደብር ብዙ ነው። ዘሩን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አያቶቹ የተቀበሩበትን ደብር ይጠይቅ፤ አለቃውንም አስፈቅዶ የመጽሐፉን መጀመሪያና መጨረሻ ገጽ ይመልከት። በአንድ ስም ብቻ ግን አይፈልግ። ሰው ወላጆቹ ያወጡለት ስም አለው፤ የክርስትና ስም አለው፤ መኰንን እንደ ሆነም የፈረስ ስም ይጨመርለታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አስቀድሞ ተፈሪ፣ በክርስትና ኃይለ ሥላሴ፣ በፈረስ ስም አባ ጠቅል መባላቸውን ሁሉ ያውቃል። ስሙ ያልገነነ የገጠር ባላባት ግን በዳዊቱ ላይ በክርስትና ስሙ፣ በምስክሮች ዝርዝር በዓለም ስሙ ተጽፎ ሲገኝ የልጅ ልጁ ሁለት ሰው ይመስለዋል።

መጽሐፍ በታጣበት ስፍራ የሚቀረው የሽማግሌ ቃል ነው። በዚህ ነገር የችሎት ጸሐፊ እንደ መሆናችን የምንለው አለን። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ከተወለደው ሰው ብዙው ልጅነቱን የሚያስረዳው በምስክር ነው፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግም የልደት ወረቀት በሌለ ጊዜ ይህን ይፈቅዳል። ማስረዳት ያቃተው ሰው የእናቱን ቤት ሳይቀር ያጣል። ሦስት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ የሆነ ነገር ሲናገሩ ብዕራችን ይከብደናል፤ አንዱ ከሌላው ያጠና ይመስላልና። አንዱ የሞቱን ዘመን፣ ሌላው የቀብሩን ቦታ፣ ሦስተኛው ከጎረቤት የተጣላበትን ነገር እያነሣ ስሙ አንድ ሆኖ ሲገኝ ግን ልባችን ያርፋል።

እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ፣ በርስት አገር ሰው መሬት የሚካፈለው በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ አቅኚው አባት ቈጥሮ ነበር። ስለዚህ ትውልድ በቃል ተጠብቆ ቈየ። ነገር ግን መሬት የሚሻ አፍ ያልነበረውን አያት ይጨምራል፤ እኛስ ተናጋሪው ምንም የማይጠቀምበትን ቃል አስበልጠን እናምናለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የሴቶቹ ወገን ነው። በሰባተኛው ትውልድ አንድ ሰው 128 አያቶች አሉት፤ እኩሌቶቹም ሴቶች ናቸው፤ ጌቶች ግን ሲቈጥሩ አንዱን የአባት መስመር ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን እስከ ሰባት ቤት ስለምትከለክል፣ የማን ልጅ ለማን እንደ ተዳረች አጥብቀው የሚያውቁት እመቤቶች ናቸው። ዕድሜአቸው የገፋ ነውና ነገሩን ለፋሲካ አታቈዩት፤ በየቤታቸው ሄዳችሁ ለየብቻ ጠይቁአቸው። የነገሩአችሁንም ስትጽፉ ከአያቱ ስም አጠገብ የተናጋሪዋን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምሩ፤ የተጠራጠሩበትንም ስም «ተጠራጠሩ» ብላችሁ ጻፉት እንጂ አትዝለሉት።