ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት የገና ሜዳ

የገና ጨዋታ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከልደት በዓል ጋር ተያይዞ የኖረ የቡድን ፍልሚያ ሲሆን፣ ተጫዋቾች ጫፉ በተቆለመመ ዱላ አንዲት ድቡልቡል ኳስ እየመቱ የተጋጣሚያቸውን ወገን አልፎ ለመሄድ የሚሽቀዳደሙበት ነው። ዱላው እንደ በዓሉ ሁሉ ገና ይባላል፤ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ የምትሠራው ኳስ ደግሞ እንደየአካባቢው ጥንግ ወይም እሩር ትባላለች። ጨዋታው የዛሬውን የሜዳ ሆኪ ቢመስልም፣ በጥንታዊ መልኩ የተለካ ሜዳም ሆነ የተቆረጠ የተጫዋች ቁጥር ስላልነበረው፣ የሁለት መንደር ጎልማሶች በሙሉ ወጥተው ከጠዋት እስከ ማታ ሊጋፉበት ይችሉ ነበር።

በቃል የወረደው ትውፊት ጨዋታውን የሚያያይዘው የክርስቶስን መወለድ ሰምተው በያዙት በትር እየተጫወቱ ከተደሰቱት እረኞች ጋር ነው። ይሁንና በዓሉ የሚውልበት ወቅትም የራሱ ድርሻ አለው። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ሲውል፣ በአብዛኛው ደጋ አዝመራው ታጭዶ ማሳው ባዶ የሚሆንበት፣ ዝናብ የሌለበትና የገበሬው እጅ ፋታ የሚያገኝበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሰፊ ሜዳና ሥራ የፈታ ጉልበት በአንድ ላይ ይገኛሉ።

ጨዋታውን ከሌሎች የሚለየው ግን ሜዳው ላይ የሚሰጠው ነፃነት ነው። ቡድኖቹ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ አጥቢያና አጥቢያ፣ ወይም ያገባና ያላገባ ተብለው ሲከፈሉ፣ ባላባቱና ጭሰኛው፣ ማለትም የመሬቱ ጌታና በመሬቱ ላይ እያረሰ የሚገብርለት ሰው፣ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰለፉ ነበር። በዱላ የተመታ ቁርጭምጭሚት ለክስ አይበቃም ነበር። አሸናፊዎቹ በጭፈራ የሚያወርዱት ስድብም ተሸናፊውን ብቻ ሳይሆን አለቃውን ጭምር የሚነካ ቢሆን፣ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ አባባል ተሳዳቢውን ይጠብቀው ነበር። በሌላ ቀን ጅራፍ የሚያስከትል ቃል በዚህ ቀን ያስቅ ነበር፤ አልፎም ጠላና ምግብ ያስቀርብ ነበር። ይህ ፈቃድ ሥርዓቱን የሚያናጋ ይመስል ነበር እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ የታመቀው ቅሬታ በአንድ ቀን እንዲተነፍስ በማድረግ ሳያጸናው አልቀረም።

የበዓል ነፃነት የአንድ እምነት ብቻ አለመሆኑን ለማየት ሐረር ጥሩ ምሳሌ ናት። ኤረር በርን ጨምሮ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት የጀጎል ግንብ በሚከባት ከተማ፣ የረመዳን ጾም ካለፈ በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ሹዋሊድ የተባለው በዓል ይከበራል፤ ወጣቶች አጊጠው በከበሮና በዜማ አደባባይ የሚወጡበትና እርስ በርስ የሚተያዩበት ይህ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ከሰፈሩት ደገኞች ጋር የልደት በዓል ሥር ሲሰድ፣ ከተማዋ ሁለት የበዓል አቆጣጠሮችን ጎን ለጎን ይዛ ቀጥላለች።

በከተሞች ግን የገናን ቦታ እግር ኳስ ወሰደው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቋሚ ቡድን፣ ቋሚ መለያና ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ውድድር ሲለመዱ፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ጨዋታ ሊወዳደራቸው አልቻለም። በባህላዊ ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ገና ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ሕግ ወጥቶለት የክልሎች ውድድር ሲሆን፣ ዳኛ፣ ሰዓትና የተለካ ሜዳ አገኘ፤ በአንጻሩ ቀኑን አጣ።

በአሜሪካ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና እ.ኤ.አ. በ1890 የተጀመረው የአዲስ ዓመት የአበባ ሰልፍ በ1902 የኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖችን አጋጥሞ ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 ስለረታ፣ አዘጋጆቹ ጨዋታውን ትተው ለዓመታት ወደ ሠረገላ እሽቅድምድም ዞሩ። በ1916 ግን ጨዋታው ተመለሰ፤ ዛሬ ሮዝ ቦውል የሚለው ስም ከሰልፉ ይልቅ ለብዙው ሰው የሚያስታውሰው ግጥሚያውን ነው። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች የምትገኘው ከርክዎል በበኩሏ የላይኛውንና የታችኛውን ሰፈር ሰዎች በልደትና በአዲስ ዓመት ቀን ጎዳና ላይ ታጋፋለች፤ ቀኑን ስላልለቀቀች ጨዋታዋም አልደበዘዘም።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑም ሆነ የክልል ባህልና ስፖርት ቢሮዎች ለገና ሕግ ማውጣታቸው ተገቢ ቢሆንም፣ የሚጎድለው ሕግ አይደለም። ከዓመታዊው ውድድር ቢያንስ የፍጻሜው ግጥሚያ በልደት ቀን፣ ተመልካቹም እንደ ጥንቱ በነፃነት እየተሳደበ በሚጨፍርበት ሜዳ ሊካሄድ ይገባል።