ቪዛ የማይጠይቅ ጉዞ ዝግጅት ግን ይጠይቃል

ሃያኛ ዓመት ጋብቻችንን በናይሮቢ ልናከብር ስናስብ ባለቤቴ፣ «ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። እኔም ልቤን ጣልኩ። ልንበር አምስት ቀን ሲቀረን አንዲት እህት፣ «ቢጫ ካርዳችሁስ?» አለችን። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ቅጣት ከፍለን የበረራውን ቀን አዛወርን። «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ተባብለንም ሁለት ቀን ተኳረፍን።

ስለዚህ ጥንዶች ሆይ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አብራችሁ ተቀመጡ።

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ቢጫ ካርዱ አንድ ጊዜ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላልና አትጣሉት። በእኛ አገር ሚስት በባሏ ስም ስለማትጠራ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂ መያዝ አይከፋም። ኬንያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፌስታል ከልክላለችና ዕቃችሁን በጨርቅ ቦርሳ ያዙ። ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ አዳፕተር አትርሱ። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ።

እኛም ይቅር ተባብለን፣ ዘግይተንም ቢሆን ሄድን። ዛሬ ባለቤቴ ሻንጣ ከማንሣቱ በፊት፣ «ምን ቀረን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለእኔ ከናይሮቢ ያመጣነው ትልቁ ስጦታ ይህች ጥያቄ ናት።