ማጂ ሲጠፋ፦ አንዲት ጀሪካን ስንት ጊዜ ታገለግላለች?

ኢስሊ ለምትኖሩ ወገኖቼ አዲስ ወሬ አይደለም። እኛ ሕንፃ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱም ሌሊት። ኬርቴከሩ ሞተሩን ማስነሳት ከረሳ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላለነው የሚደርሰን የቧንቧው ፉጨት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ምኮኮቴኒ የሚገፋውን ልጅ መጠበቅ ነው። በደህናው ጊዜ በ5 ሽልንግ የምንገዛት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲጠፋ 20፣ አንዳንዴም 30 ትገባለች። ደረጃውን ለሚያወጣላችሁ ለብቻ ነው የሚከፈለው።

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን "ቀዝቃዛ ውሃ" ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ኢስሊ አልኖሩም።

ብዙ ጊዜ የምሰማው ጥያቄ "ትናንት ዘንቦ የለ እንዴ፣ ውሃው የት ገባ?" የሚል ነው። ከተማው ላይ የዘነበው ግን ቧንቧችን ውስጥ አይገባም። ናይሮቢ ከምትጠቀመው ውሃ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል የሚመጣው ሙራንጋ ካውንቲ ካለው ከንዳካይኒ ግድብ ነው። ግድቡ ሲሞላ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ የሚሞላው ግን አበርዴር ተራሮች ላይ ሲዘንብ ነው። በ2016 መጨረሻ (በፈረንጆች) ያ ዝናብ ስለቀረ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከተማው በሙሉ በፈረቃ ገባ። በ2018 የናይሮቢ መንገዶች በጎርፍ ተጥለቅልቀው እያለ እንኳ ፈረቃው አልተነሳም ነበር። ከዚያ ደግሞ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ቦረና ውስጥ ከብቱን የጨረሰው፣ ሰሜን ኬንያንም ያደረቀው ይኸው ድርቅ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ለአደጋ ጊዜ የወጣው "ስፊር" የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፣ ለመጠጥም ለምግብም ለንጽሕናም። እኛ አምስት ነን፣ ስለዚህ 75 ሊትር፣ ማለትም አራት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ጀሪካኗ 30 በገባችበት ወር በቀን 120፣ በወር 3,600 ሽልንግ ይሆናል። የሥራ ፈቃድ ለሌለው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ውሃው ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወርዳል እንጂ ተመልሶ አይወጣም። ነጩ ጀሪካን ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ነው፣ ማንም ሰው ጣሳ አይነክርበትም፣ ተዘቅዝቆ ነው የሚቀዳው። ቢጫዎቹ ለገላ፣ ለልብስና ለዕቃ ናቸው። ሰማያዊው በርሜል ያገለገለውን ይቀበላል። ልብስ የተለቀለቀበት የመጨረሻው ውሃ ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ ይሆናል፣ ከዚያ ወለል ይወለወልበታል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ይደፋል። ምስርና ጎመን የታጠበበትም እዚያው ነው። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በእንጀራ ይጠረግ። ዘይቱ ከለቀቀ ግማሽ ውሃ ይበቃዋል፣ ጠራጊውም አይከፋውም።

ትልቁ ጠጪ ግን ሽንት ቤቱ ነው። የድሮዎቹ አንድ ጊዜ ሲሳቡ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቃሉ። እኛ መሳቢያውን ዘግተን በባልዲ እንደፋለን። ቤት ተጋርታችሁ የምትኖሩና ሁሉንም ማስማማት ያልቻላችሁ፣ አንድ ተኩል ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ የሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ አስቀምጡ። በቀን 20 ጊዜ ቢሳብ 30 ሊትር ተረፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። በ2017 ቁጠባን የጀመርኩት በማይቆጠብበት ቦታ ነበር። በር አጠገብ አንድ ሳፋ ውሃ አስቀምጬ ሁላችንም ቀኑን ሙሉ እዚያው እየነከርን እንታጠብ ነበር። ከጋሪ የገዛሁትንም ውሃ ንጹሕ መስሎኝ ሳላክም አጠጣኋቸው። ትንሹ ልጄ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ሲያለቅስ እንባ አልወጣው አለ። ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "እጃችሁን በምንድን ነው የምትታጠቡት?" ብላ ነው። እኔ ደግሞ "ውሃ እንቆጥባለን" አልኳት፣ በኩራት። ያ ኩራት እስካሁን ያሳፍረኛል። ልጁ በኦ.አር.ኤስ. ተረፈልኝ፤ ለሕክምናው የከፈልኩት ግን ከወር የውሃ ወጪያችን በለጠ።

እናቶቻችን እንግዳ ሲያስታጥቡ ለምን ከላይ እያፈሰሱ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አሁን የሁለት ሊትር ጠርሙስ ክዳን በምስማር በስቼ ሰቅየዋለሁ። ውሃው በቀጭኑ ይፈሳል፣ ሳሙናው አጠገቡ አለ፣ አንድ ጠርሙስ ለብዙ እጅ ይበቃል። በኦክቶበር 2022 ኬንያ ውስጥ ኮሌራ ተነስቶ ናይሮቢም ገብቶ ነበር፤ በእጅ መታጠቢያና በመጠጥ ውሃ ላይ ቁጠባ የለም።

የመጠጡን ውሃ እንደ አገራችን "ውሃ አጋር" ባለ ክሎሪን ማከም ይቻላል። ፋርማሲዎች "ዋተርጋርድ" ይሸጣሉ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ማፍላት የምትመርጡ፣ ናይሮቢ ላይ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበልጥ ሦስት ደቂቃ ይመከራል። ከዚያ በላይ ጋዝ ማቃጠል ነው።

ማፍላት የማይፈታው አንድ ነገር ግን አለ። የናይሮቢ የቦርሆል ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ወንጂ ያደገ ሰው ጥርስ የሚበልዘው በዚሁ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ለምናውቅ እንግዳ አይደለም። ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፣ እንዲያውም ይጠነክራል። ጥርስ የሚጎዳው በተለይ ከድዱ ሳይወጣ ገና ሲሠራ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ጠንቀቅ በሉ። ሻጩን "ማጂ ሃያ ያናቶካ ዋፒ?" በሉት፣ ይህ ውሃ ከየት ነው የመጣው ማለት ነው። "ቦርሆል" ካለ ለልብስና ለሽንት ቤት ግዙት፣ "ምፌሬጂ" ካለ የቧንቧ ነው። ሁሉም እውነቱን ይናገራል አልላችሁም፤ ደንበኛ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ግን ይሻላል።

ባለፈው ወር በኮሪደራችን ጫፍ ባለው የጋራ ቧንቧ ሥር የግማሽ ሊትር ኩባያ አስቀመጥኩ። የሚንጠባጠበው ጠብታ በግማሽ ሰዓት ሞላው። ሮቶው ባዶ እስኪሆን ድረስ በቀን 24 ሊትር ማለት ነው፣ ከአንድ ጀሪካን በላይ! "ጥገና የአከራዩ ነው፣ ለምን እኛ እንከፍላለን?" ብለን ሁለት ሳምንት ተከራክረናል። በመጨረሻ አንዱ ጎረቤት ተበሳጭቶ የቧንቧዋን ጎማ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ቀየረው። በዚያው ሰበብ ፎቃችን ላይ ያለነው ሐበሻም ሶማሌም ኬንያዊም የሌሊት ተራ አወጣን፤ ውሃው ሲመጣ የነቃው ሰው ስድስቱንም በር ያንኳኳል። ቅዳሜ ሌሊት ተራው የእኔ ነው።